«ቆሻሻ» የተባለው ጽሑፍ፦ ስባችንና ጥቃቅን መልእክቶቹ



ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ ወፈር ያለ ሰው ሲያልፍ ገሚሱ «ደልቶታል» ይላል፤ ገሚሱ «ሆዳም» ይለዋል። ሁለቱም ስብን እንደ ጎተራ ነው የሚያዩት፤ የተረፈው ይገባበታል እንጂ በራሱ ምንም አይሠራም ብለው። የሳይንስ ሰዎችም ለረጅም ዘመን አስተያየታቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። እንዴት እንደተለወጠ ታሪኩን እንመልከት (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

መድረሳ የቀራ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ዋናው ኪታብ ከመደርደሪያው አይወጣም፤ ደረሳው የሚፈልገውን በሉሑ ላይ ገልብጦ ይሄዳል። በሕዋሳችን ውስጥም ዋናው ኪታብ ዲኤንኤ ነው፤ ግልባጩ አርኤንኤ ይባላል፤ ከግልባጩ ፕሮቲን ይሠራል። ይሁንና ከሰው ዲኤንኤ ለፕሮቲን መሥሪያ የሚሆነው ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው። በ1972 ሱሱሙ ኦህኖ የተባሉ ተመራማሪ ጥቅም የሌለው ለመሰላቸው ክፍል «ቆሻሻ» የሚለውን ስም አስፋፉ።

በ1993 ግን አሜሪካውያኑ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን 1 ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ እንግዳ ነገር አሳዩ። ሊን-4 የተባለ 22 ፊደል ብቻ ያለው ቁራጭ አርኤንኤ ፕሮቲን አይሠራም፤ ይልቁንም ሌላ ግልባጭ ላይ ተለጥፎ እንዳይነበብ ያደርጋል። ብዙዎች «የትል ነገር ነው» ብለው አለፉት። በ2000 የሩቭኩን ቡድን ሌላ እንዲህ ያለ ቁራጭ በሰውም ውስጥ እንዳለ ሲያሳይ ግን ዓለም ዞሮ አየ። ማይክሮ አርኤንኤ ተባለ። ሁለቱ ሰዎች የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ2024 ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ!

ስብስ? በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ስብ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን እያመነጨ የክምችቱን መጠን ለአንጎል እንደሚናገር ደረሱበት። ጎተራው አፍ አለው ማለት ነው። በ2004 ደግሞ ማይክሮ አርኤንኤ 143 የተባለው ቁራጭ ሲታገድ፣ በቤተ ሙከራ ያሉ የሰው ሕዋሳት ወደ ስብ ሕዋስነት መብሰል እንደሚያዳግታቸው ታየ። በ2011 በወፈሩ አይጦች ላይ 103 እና 107 የተባሉት ሲታገዱ ኢንሱሊን የተሻለ ሠራ። በ2017 በቦስተን የጆስሊን የስኳር በሽታ ማዕከል ተመራማሪዎች ደግሞ ስብ እነዚህን ቁራጮች በደም ውስጥ እንደሚልክና በጉበት ያለ ዘረመል ሥራ ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በአይጦች አሳዩ። ስብ ለጉበት ደብዳቤ ይጽፋል ማለት ነው፤ ሱብሃነላህ!

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደረሱ። በዚያው በ2016 ከመቶ 22ቱ ከመጠን በላይ የከሱ ነበሩ። ረሃብና ውፍረት በአንድ አገር ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ታዲያ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ እስከ ዛሬ በእነዚህ ቁራጮች ላይ የተመሠረተ የውፍረት መድኃኒት ለሕክምና አልተፈቀደም፤ በጅምር ግኝት ስም «ስብ አቅላጭ» የሚሸጥላችሁን አትመኑ። የምንበላውን መመጠን፣ መራመድና ሐኪም ማማከር ቦታቸውን አልለቀቁም። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ማዕድ ላይ በልተው አንዱ ሊወፍር አንዱ ሊከሳ ይችላል፤ ሰውነታቸው ግልባጩን የሚያነብበት መንገድ አንድ አይደለምና። በወንድምና በእህት ላይ መሳለቅ ድሮም በዲናችን የተወገዘ ነው፤ አሁን ደግሞ አለማወቅም ሆኗል። ያልገባንን ነገር «ቆሻሻ»፣ ያልገባንን ሰው «ሆዳም» ከማለት እንቆጠብ።