ግራ እጁን በአዲስ አበባ የተወው ሰው

ስለ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በተጻፈ ቁጥር የሚነሣው ግንቦት 20 ነው። ገሚሱ ያከብረዋል፣ ገሚሱ ይረግመዋል፤ ክርክሩም ከዓመት ዓመት ያው ነው። እኔ ግን ዛሬ አንባቢን ይዤ የምሄደው በሳምንቱ ወደ ዋለው ማክሰኞ፣ ወደ ግንቦት 27 ነው።

በዚያ ዕለት ገና ጎሕ ሳይቀድ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥይት መጋዘን መፈንዳት ጀመረ። ሕዝቡ ከእሳቱ ሲሸሽ ወደ እሳቱ የገሠገሡ የዜና ሰዎች ነበሩ፤ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ። ቃጠሎውን እየቀረጹ ሳለ ከፊተኛው እጅግ የከፋ ፍንዳታ ደረሰ። ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። በርክ ተረፈ። የመሐመድ አሚን ግራ እጅ ግን ከጥገና በላይ ስለ ተጎዳ መቆረጥ ግድ ሆነ። ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ብዙ የከተማይቱ ነዋሪዎችም በዚያ ፍንዳታ አልቀዋል።

ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984) ቢቢሲ ያሰራጨውን የኮረም ሥዕል የቀረጸው እርሱ ነው፤ ቃሉን የተናገረው በርክ ነበር። ያ ዘገባ ከ400 በሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ፤ በሐምሌ 1977 ለተካሄደው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት፣ ለ«ላይቭ ኤይድ»፣ መነሻ የሆነውም እርሱ ነው። ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀናት አስቀድሞ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በመብራትና በሰልፍ አጊጣ አክብራ ነበር።

«ረሃባችንን ለዓለም ሸጠብን» የሚሉ ወገኖች እስከ ዛሬ አሉ። ቅሬታቸው ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ ያ ሥዕል እንደ ማኅተም በስማችን ላይ ቀርቷል፣ በባዕድ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን እስቲ መለስ ብለን እንመልከት። የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አዳብሎ ለሕዝብ ያሳየው፣ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረደው ማን ነበር? ያው ደርግ አይደለምን? በ1967 መባቻ የውጭ ጋዜጠኛ ሥዕል እውነት ነበር፤ በ1977 ግን አሳፋሪ ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገው አሰላ ነው። በዚያ ዓመት የአርሲ ደጋ እህል ነበረው። የጭላሎ ሥር ገበሬ ስንዴውን በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር፤ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም የተቋቋመው በእነዚያው ዓመታት ነው። ኮረም ምን እንደ ሆነ ሎንዶን ያለ ሰው ከአሰላ ሰው አስቀድሞ አየ። እኛ ያየነው ከዓመታት በኋላ ነው። መሐመድ አሚንን ሳስብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ለእኛ የተነሣውን ሥዕል ለማየት የመጨረሻዎቹ እኛ ነበርን።

ወደ ቁስሉ ልመለስ። የካሜራ ሰው እጁን ሲያጣ አንድ አካል ብቻ አይደለም የሚያጣው። የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራ ትከሻ የሚያጎብጥ ሸክም ነው፤ አንዱ እጅ ያዝልቀዋል፣ ሌላው ሌንሱን ያዞራል። ዕድሜው አርባ ሰባት ደርሶ ነበር። ናይሮቢ ታክሞ፣ የራሱ ድርጅት፣ «ካሜራፒክስ»፣ የሥራ ባልደረቦቹና ወዳጆቹ ከጎኑ ሆነው ዳነ፤ በቀረው ክንድ ጡንቻ ትእዛዝ በባትሪ ኃይል የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ እጅ ተገጠመለት። ጡንቻው ሲኮማተር የሚፈጥረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት መሣሪያው ይቀበልና ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በዚህ እጅ ካሜራውን ዳግመኛ አነሣ። እጁን ወደ ወሰደችበት አገርም ተመለሰ።

ስለዚህ መመለስ ብዙዎች በአድናቆት ጽፈዋል፤ አድናቆቱ ይገባዋል። እኔ ግን ሳነብ ከፊቴ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው።

በዚያው ክረምት፣ በ1983፣ የአክስቴ ልጅ ከሰሜን ግንባር ወደ አሰላ ገባ። የተበተነው ጦር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ነው። ገሚሱን መንገድ በእግሩ፣ ገሚሱን በጭነት መኪና መጣ። የግራ እጅጌው ተጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እርሱም እንደዚያ ሰው ግራ እጁን ነው ያጣው፤ ይህን መመሳሰል ያስተዋልሁት ግን በጣም ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ የቀድሞውን ሠራዊት የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ለገጠር ተመላሾች የእህልና የእርሻ ድጋፍ ተሰጥቷል። ሰው ሠራሽ እጅ ግን በእኛ ቀበሌ ማንም አላየም።

ማረስ ያውቃሉ? ዕርፍ የሚያዘው በአንድ እጅ ነው። ሌላው እጅ ጅራፍ ይይዛል። ስለዚህ ጋሼ ዕርፉን ይዞ ሲሄድ ጅራፉን የማጮኸው እኔ ነበርሁ። የገብስ ማሳው ተዳፋት ነው፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ እርሱ በአንድ እጁ ሞፈሩን ሲያዞር ጥርሱን ይነክሳል እንጂ «ያዝልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ስለ ግንባሩ አንድም ቀን አልነገረኝም። ሁለት ክረምት እንዲህ አረስን። በሦስተኛው በሬዎቹ ድምፁን ስለ ለመዱ ጅራፍ አላስፈለገም፤ እኔም ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠለፈ። ሦስቱ ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ አሉ፤ ነዳጁ እንደማይበቃ ካፒቴን ልዑል አባተ ቢያስረዳቸውም አልሰሙም። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ አለቁ። ከሟቾቹ መካከል መሐመድ አሚንና የሥራ ባልደረባው ብራያን ቴትሊ ይገኙበታል። የአየር መንገዱን «ሰላምታ» መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው የእርሱ ድርጅት ነበር፤ በየወንበሩ ኪስ የነበረው መጽሔት የእጁ ሥራ ነው ማለት ነው። ከእሳት አምስት ዓመት ተርፎ በውኃ ሞተ።

በዚያ ዓመት ለገና አሰላ ስሄድ ታሪኩን ለጋሼ ነገርሁት። አውድማ ላይ ነበርን፤ እርሱ በአንድ እጁ መንሹን በብብቱ አጣብቆ ጭዱን ያነሣ ነበር። ስለ ኮረም ስነግረው ዝም አለ። ስለ አውሮፕላኑ ስነግረው «ነፍስ ይማር» አለ። ስለ እጁ ስነግረው ግን መንሹን አቆመ።

«በባትሪ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ዕርፍ ይይዛል?»

እንደሚይዝ እንደማይዝ አላወቅሁም፤ ካሜራ ከያዘ ዕርፍም ሳይይዝ አይቀርም አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ ዝናብ ቢነካውስ ብሎ ጠየቀኝ።