ዳውን ሲንድሮም፦ ከልብ ምርመራ እስከ ሥራ ገበታ

እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ 60 ደርሷል። ዳውን ሲንድሮምን የሚያመጣው ትርፍ፣ ሦስተኛው 21ኛ ክሮሞሶም ያኔም ዛሬም ያው ነው። ዕድሜውን ያረዘመው የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና መስፋፋቱና ልጆቹ ከተዘጋ ተቋም ወጥተው በቤተሰብ መካከል ማደጋቸው ነው።

ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በልብ ክፍሎች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ሕፃኑ ጤነኛ ቢመስልም እንደተወለደ የልብ አልትራሳውንድ ሊነሳ ይገባል፤ ትልቅ ክፍተት ሳይጠገን ከቆየ የሳንባን የደም ሥሮች ይጎዳል፣ ያኔ ቀዶ ሕክምናውም ላይጠቅም ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የሕፃናት የልብ ማዕከል ረጅም የወረፋ መዝገብ ባለባት ኢትዮጵያ፣ የወራት መዘግየት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ሌሎቹ ችግሮች ግን ድምፅ የላቸውም። እናት ከኋላ ሆና ስትጠራው ልጁ አይዞርም። ጎረቤት «አፈጣጠሩ ነው» ይላል፤ አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙም ይህንኑ ይደግማል። የጆሮ ሐኪም መሣሪያውን አስገብቶ ሲያይ ግን ከታምቡሩ ጀርባ ወፍራም ፈሳሽ ተጠራቅሞ ያገኛል። ልጁ ያልዞረው ሲጠራ በትክክል ስላልተሰማው ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስም ልጁ ይፈዛል፣ ይደክማል፣ እድገቱ ይጓተታል። ችግሩን አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ያስተካክለዋል። ለዚህም ነው የጆሮ፣ የዓይንና የታይሮይድ ምርመራ በየጊዜው የሚደገመው።

የሚሰማና ያልደከመ ልጅ ከሥልጠና ይጠቀማል። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ጡንቻቸው የላላ በመሆኑ መቀመጥና መራመድ ይዘገይባቸዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሕፃኑን በደረቱ አስተኝቶ መጫወቻ ከፊቱ ያስቀምጣል፤ ሕፃኑ ለማየት ሲል አንገቱን ያቀናል። እናትየውም አይታ በየዕለቱ ቤት ውስጥ ትደግመዋለች። ንግግርን በተመለከተ አብዛኞቹ ከሚናገሩት በላይ ይረዳሉ፤ «ውሃ»፣ «ጨምሪልኝ» የሚሉ የእጅ ምልክቶች ቃሉ እስኪመጣ ድረስ ያግባባሉ።

ወደ ሥራ ጉዳይ ስንመጣ ጣሊያን ብዙ ታስተምራለች። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 አካል ጉዳተኛ ልጆችን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት አስገባች። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ከ50 በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች 7 በመቶውን ከአካል ጉዳተኞች እንዲቀጥሩ ደነገገች። በስፔንም ዳውን ሲንድሮም ያለባት ማር ጋልሴራን እ.ኤ.አ. በ2023 የቫሌንሲያ ክልል ምክር ቤት አባል ሆናለች።

ሕጉ በር ይከፍታል፤ ሥራውን የሚያስለምደው ደግሞ አሠልጣኝ ነው። አሠልጣኙ ከተቀጣሪው ጋር ሥራ ቦታው ድረስ ይሄዳል። ገበታ ማሰናዳትን በሥዕል ከፋፍሎ ያሳያል፦ መጀመሪያ ጨርቁ ይነጠፋል፣ ቀጥሎ ሳህኑ ይቀመጣል፣ ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ። ሠራተኛው ሲለምድ አሠልጣኙ ቀስ በቀስ ይርቃል።

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 568/2000ም በሥራ ስምሪት አድልዎን ይከለክላል፤ አሠሪው እንደ አስፈላጊነቱ ረዳት እንዲመድብም ያዛል። ይህ ድንጋጌ እስካሁን በአብዛኛው የሚታሰበው ለዓይነ ስውራንና ለእንቅስቃሴ ጉዳተኞች ነው። ዳውን ሲንድሮም ላለበት ወጣት ሲሆን ረዳቱ ያው የሥራ አሠልጣኝ ነው። በቀድሞው አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ ቤተሰብ የተመሠረተው ዲቦራ ፋውንዴሽንና መሰሎቹ ልጆቹን ከቤት አውጥተው እያስተማሩ ነው፤ አሠሪዎች ደግሞ ከወዲሁ ሊቀበሏቸው መዘጋጀት አለባቸው።

ክትትሉ በቅጥር አያበቃም። 21ኛው ክሮሞሶም ከአልዛይመር (ከመርሳት በሽታ) ጋር የተያያዘ ዘረ መል ስላለበት በሽታው እነዚህን ሰዎች ከሌላው ቀድሞ ይይዛቸዋል። ሆኖም በ35 ዓመቱ ሥራው ላይ መርሳትና መቀዛቀዝ የጀመረ ሰው ሁሉ አልዛይመር ይዞታል ማለት አይደለም። የመስማት ችግር፣ የታይሮይድ መድከም፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥና ድባቴ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ ሁሉም ይታከማሉ። ስለዚህ አሠሪው ከማሰናበቱ በፊት ሠራተኛው እንዲመረመር ማድረግ፣ ሐኪሙም «አፈጣጠሩ ነው» ሳይል እነዚህን አንድ በአንድ ማጣራት ይጠበቅበታል።