የጃፓን ነገር፤ ከዓባይ ድልድይ ላይ ሲታይ

ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ መንገደኛ ሁሉ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመው ያያል። አዲሱ፥ 303 ሜትር የሚረዝመው «ኅዳሴ»፥ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራ ነው። የጃፓን ባህል ክበብ እናቋቁም ብለን ስንነጋገር መጀመሪያ ትዝ ያለን ይኸው ድልድይ ነው። «ሰዎቹ እንዴት እዚያ ደረሱ? እኛንስ ምን ያዘን?» ተባባልን።

ጥያቄው ግን የኛ ፈጠራ አይደለም። ጃፓን በ1897 ዓ.ም. ሩሲያን ድል ካደረገች ወዲህ የዓድዋ አገር ምሁራንም ዓይናቸውን ጣሉባት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ንጉሡ የጃፓንን ፈለግ እንዲከተል መከሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም አብነቱ የጃፓኑ የ1881 ሕግ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው «የጃፓን ክበብ» እነዚህ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ምን አተረፉ? ወዳጅነቱን እንይ። በ1929 ዓ.ም. ጃፓን የኢጣሊያን ወረራ አጸደቀች፤ ኢጣሊያም በፈንታዋ ጃፓን በማንቹሪያ ያቆመችውን መንግሥት አወቀችላት። ጃፓንን ያን ያህል ያመሰገኑት ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ።

ሕጉንም እንይ። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት፥ ግብር ከፋይ በሆኑ ጥቂት ሰዎችም ቢሆን፥ ይመረጡ ነበር። የኛዎቹን ግን መኳንንቱና ሹማምንቱ መረጧቸው። ጣራው መጣ፤ ምሰሶው እዚያው ቀረ።

ምሰሶው ምን ነበር? ጃፓን ሕገ መንግሥቱን ከማውጣቷ 17 ዓመት በፊት፥ በ1864 ዓ.ም.፥ ልጅ ሁሉ ይማር ብላ አወጀች። በዓመቱ መሬት ተለክቶ ግብር በገንዘብ እንዲከፈል ሆነ። ወጪውን የተሸከመው ገበሬው ነው። ባመፀም ጊዜ፥ በ1869 ዓ.ም.፥ ግብሩ ከመቶ 3 ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። ይህን የጎጃም ሰው ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ «ርስቴ ሊለካ ነው» ብሎ የተነሣው የዚሁ አገር ገበሬ ነበርና።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ክበቡን እናቋቁም። ቋንቋውንም እንማር፤ ከጃፓን ተማሪዎችም ጋር እንጻጻፍ። ግን «ምን ሠሩ?» ብለን ብቻ አንቅር፤ «በማን ጫንቃ ሠሩት? ገበሬው ሲጮህስ ማን ሰማው?» ብለንም እንጠይቅ። ድልድይ በርዳታ ይገኛል። የዚህ ጥያቄ መልስ ግን ከውጭ አይመጣልንም።