ይስጥልኝ፣ አብሮ ይስጠን

ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ገበያ ብትገቡ ሁለት ዓይነት ምስጋና ትሰማላችሁ። አንዱ «አመሰግናለሁ» ነው፤ መልሱ «ምንም አይደል»። ሌላው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ መልሱ «አብሮ ይስጠን»። ሙስሊሙ ጎረቤት «አላህ ይስጥልኝ» ይላል፣ ነገሩ ያው ነው።

«ይስጥልኝ» የምትለዋን ቃል ግን ፈታ አድርጋችሁ እዩዋት። «እኔ መክፈል አልችልም፤ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ» ማለት ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ለእኔ ክፍያን ለሦስተኛ ወገን እንደ ማስተላለፍ ሆኖ ይታየኛል። የበለጠ የሚገርመኝ ግን መልሱ ነው። የሰጠው ሰው ዋጋውን ለብቻው አይወስድም። «አብሮ» ብሎ ያመሰገነውንም ሰው ይጨምረዋል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መሃል ዕዳ የለም።

ይህን ያነሣሁት አንድ ሦስተኛ ቃል ስላለ ነው፦ ውለታ። ክርስቲያን ወላጆች ስለ ጎረምሳ ልጆቻቸው ሲያማርሩ በብዛት የምሰማው እሱን ነው። «ወልጄ፣ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ስልክ ገዝቼለት፣ ውለታ አያውቅም!» ውለታ እንደ ይስጥልኝ አይደለም፤ መዝገብ አለው። የተሰጠው ይጻፋል፣ ያልተመለሰው ይቆጠራል። ልጁ ደግሞ ዕዳው ውስጥ የገባው ፈርሞ አይደለም። በእኔ ንባብ፣ አመስጋኝ ልጆች ያሳደጉ የድሮ ቤቶች በዚህ መዝገብ አልነበረም ያሳደጓቸው።

ይፋትን እንውሰድ። ከአንኮበርና ከጣርማ በር ገደል ሥር ተዘርግቶ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ ነው። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የወላስማ ሱልጣኖች አገር ነበር፣ አፄ አምደ ጽዮን የዘመተበት። ከጦርነቱ ሁሉ በኋላ የቀረው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው አንድ ገበያ የሚውልበት መሬት ነው። የክርስቲያን ቤት ሠርግ ካለ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል። የዚያ ቤት ልጅ የማይበላውን ሥጋ ለጎረቤት ሲያቀርብ ያድጋል።

ማሽላ ሲያሽት ደግሞ ልጁ ማማ ላይ ይወጣል። ከንጋት ጀምሮ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ይጠብቃል። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ የወፍ መንጋ ጥቂት ቀን ችላ ከተባለ የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ማታ የሚበላው እንጀራ ውስጥ የራሱም እጅ አለበት፤ ቤተሰቡም ያንን ያውቃል።

ማታ ማዕድ ሲቀርብ ልጁ ለታላላቆቹ የእጅ ውኃ ያስታጥባል፣ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፣ መሃል ላይ ጉርሻ ይደርሰዋል። ከዚያ ጸሎት ተደርጎ ማዕዱ ከፍ ሲል ምርቃት ይከተላል፦ «እደግ፣ ተመንደግ»። አሁን ላይ ሆነን ስናየው ልጅ አዋቂን ማገልገሉ ብቻ ይታየናል። ግን ምርቃት ምንድን ነው? ሽማግሌው ለአንድ ጣሳ ውኃ ልጁን «አመሰግናለሁ» አይለውም፤ ይመርቀዋል። በቤቱ የምስጋና ትልቁ ገንዘብ ምርቃት ነበር፤ እሱም የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው። ልጁ ከማመስገኑ በፊት ብዙ ጊዜ ተመስግኗል።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ላሞግሰው አይደለም። አለንጋውም ነበር። ኮረዳዋ ደግሞ ከወንድሟ የበለጠ እየሠራች፣ ውኃውንም እንጨቱንም እየተሸከመች፣ ገና ልጅ ሳለች ትዳር ትባላለች። የእሷ ድካም በምርቃት አልቆ ቀርቷል።

ውለታ በመዝገብ ሲያዝ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ከዚሁ ከሸዋ አንድ ታዋቂ ጎረምሳ አለ። ኅዳር 1848 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞት ልጁ ምኒልክ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው ልጁን ወሰዱት። መቅደላ ላይ አበሉት፣ አስተማሩት፣ ፈረስና ጦር አለማመዱት፣ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። በየትኛውም የውለታ መዝገብ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ግን መውጣት አይችልም፤ እስረኛ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም.፣ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ሚስቱን ትቶ ጠፋ።

ውለታ ቢስ ነው? ቴዎድሮስ እንደዚያ ሳይሰማቸው አልቀረም። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ይመስለኛል። በሩ የተዘጋበት ልጅ የሚሰጠው ምስጋና ምስጋና መሆኑ በምን ይታወቃል? የሚገርመው፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ የሆነው ነው። ኅዳር 1860 ዓ.ም. ምኒልክ ጦር ይዞ እስከ መቅደላ አጠገብ ደረሰ፤ ቴዎድሮስ ተዳክመዋል፣ እንግሊዞች እየመጡ ነው። ሳይዋጋ ተመለሰ። ምክንያቱን የታሪክ ጸሐፊዎች በየፊናቸው ያብራሩታል፤ ስንቅም፣ ፖለቲካም፣ ፍርሃትም ይባላል። አባት የሆነውን ሰው መውጋት አለመፈለግም ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን እንደሚችል መገመት ግን ከባድ አይደለም።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይነገርላት ሰው ወርቂት ናት፣ የወሎዋ ሙስሊም ገዢ። ምኒልክ ሲጠፋ የደረሰው እሷ ዘንድ ነው። የእሷም ልጅ መቅደላ እስረኛ ነበር። ቴዎድሮስ የምኒልክን መጥፋት ሲያውቁ በቁጣ ልጇን አስገደሉባት። ወርቂት ግን ምኒልክን አላስያዘችም፤ አሳልፋ ወደ ሸዋ ላከችው። ይህ ዕዳ በምን ይከፈላል? በምንም። «ይስጥልኝ» የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ወደ ቆላው እንመለስ። ትምህርት ቤት መጣና ልጁን ከማማው አወረደው። ጥሩ ነገር ነው፤ ማንም ወደ ወንጭፉ ይመለስ አይልም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎች ወደ ገጠር ሲላኩ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ጎረምሳው አስተማሪ፣ ሽማግሌው ተማሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ የተለወጠው አንድ ነገር ግን ብዙም አይወራም። ልጁ በቤቱ ተቀባይ ብቻ እየሆነ መጣ። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የትራንስፖርት፣ ካርድ። ሽንኩርቱም ማሾውም ተሽጦ የሚገባው ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ለቤቱ የሚያደርገው ነገር «አጥና» ነው፤ ውጤቱ ከዓመታት በኋላ የሚታይ። የሚመረቅበት ምክንያት አነሰ። ምርቃቱ ሲቀር የቀረው መዝገቡ ብቻ ነው። እኔ «የዛሬ ልጅ» የሚለውን ወቀሳ የማነበው እንዲህ ነው፤ ልጁ ከመለወጡ በፊት ቤቱ ተለውጧል።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ ግጭቱም ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ሲገባ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለጎረምሳ የሚነገረው ቃል ይታወቃል፦ «ተመስገን በል፤ ነፍስህ ተርፋለች»። እውነት ነው። ግን ቤቱ፣ ትምህርቱ፣ ምናልባትም ጓደኛው ለጠፋበት ልጅ ይህ ትእዛዝ «ዝም በል» ተብሎም ይሰማል። ጥሩ አማኝ የሆኑ ልጆች ከማመስገን የሚሸሹት አንዳንዴ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትጸልየው ጸሎት ግን እንደዚያ አይደለም። በቅዳሴ ውስጥ ጸሎተ አኰቴት የሚባል የምስጋና ጸሎት አለ። የሚያመሰግንበትን ምክንያት ብታዩት ሀብት አይጠቅስም፤ ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እዚህ ሰዓት ላይ ስላደረሰን ይላል። ከመከራ የወጣ ሰው ጸሎት ነው። ግሡ ደግሞ «ነአኵቶ» ነው። የላስታው ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ስም ላይ ያለው ራሱ ግሥ፤ ሰዋስዉ በብዙ ቁጥር ነው፣ «እናመስግን»። «አመስግን» አይልም። የሚናገረው ሰው ራሱን አስገብቶ ነው የሚናገረው።

ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣው ዲያቆኑ ነው። በገጠር አጥቢያ ዲያቆኑ ብዙ ጊዜ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ «ተነሥ» ሲባል የሰነበተ። እሑድ ጠዋት እሱ «ለጸሎት ተነሡ» ይላል፤ ከሕዝቡ መሃል አባቱም መቋሚያውን ይዞ ይነሣል።