ሳይነበብ የተፈረደበት ልብ ወለድ

በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የተጠራው የአራዳው ውቤ በረሃ፣ የሌሊት ሕይወቱ ከሰፈሩ ወሰን አልፎ የሚወራለት ስፍራ ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ1950ዎቹ «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ሲጽፍ ያንኑ ሌሊት፣ ሴተኛ አዳሪዎቹንና ደንበኞቻቸውን፣ እነርሱው በሚናገሩበት ቋንቋ አሰፈረ። ዘመኑ የሳንሱር ነበርና ድርሰቱ ለኅትመት አልበቃም።

ረቂቁ ግን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ያነበቡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የአንባቢዎቹን አስተያየት የሰሙት እጅግ ይበዙ ነበር። በጨዋታ መካከል «እገሌ እንዲህ አለ» የሚለው መነሻ እየተዘነጋ፣ የሌላው ሰው ሂስ የተናጋሪው የራሱ ፍርድ ሆኖ ይቀርባል፤ «ብልግና» የሚለው ቃል ከድርሰቱ ቀድሞ የተዳረሰው በዚህ መንገድ ነው። አድናቂዎቹም ቢሆኑ በዚህ ረገድ ከነቃፊዎቹ አይሻሉም፤ ሳያነቡ ማመስገን ያው የብድር አስተያየት ነውና።

የቅድሚያ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ከቀረ በኋላ ልብ ወለዱ በአማርኛ ታተመ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይኛ ወጣ። በወሬ የሚያውቀው ሁሉ ገልጦ ሲያነበው ያገኘው የተነገረውን የመኝታ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የሚያወጉ፣ የሚሳሳቁ፣ የሚያዝኑ ሴቶችንም አገኘ፤ ስለ እነርሱ ግን ወሬ አቀባዮቹ እምብዛም አልነገሩትም። አንብቦም «ብልግና ነው» ያለ አልጠፋም፤ ይህኛው ግን ገጹን ጠቅሶ የሚከራከር ነበር። ደራሲው በየካቲት 2004 ዓ.ም. ሲያርፍ ክርክሩ አልተዘጋም ነበር።