ጥቀርሻው ያስነሳው አመፅ፣ ጡብ የበላው ጠብመንጃ

እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ ስለተቀሰቀሰው የወታደሮች አመፅ ሲወራ ስብ ሳይነሳ አይቀርም። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለወታደሮቹ ያስመጣው አዲሱ የኤንፊልድ ጠብመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነበር። ባሩዱና እርሳሱ አንድ ላይ የተጠቀለሉበት ወረቀት ስብ ተቀብቷል፤ ወታደሩም ጫፉን በጥርሱ ነክሶ መቅደድ አለበት። ስቡ የላምና የአሳማ ነው የሚል ወሬ በየሰፈሩ ተዛመተ። ላም ለሂንዱው ቅድስት ናት፤ አሳማ ለሙስሊሙ እርም ነው። በማርች 29 ማንጋል ፓንዴ የተባለ ወታደር ባራክፑር ላይ በአለቆቹ ላይ መሣሪያ አነሳ። በሜይ ወር ሚሩት ከተማ ላይ ጥይቱን አንነካም ያሉ 85 ፈረሰኞች በጓዶቻቸው ፊት እግር ብረት ገቡ፤ በማግስቱ፣ ሜይ 10፣ ጓዶቻቸው ተነሱ። ዓመት አልፎ ኩባንያው ሕንድን የማስተዳደር ሥልጣኑን ተነጠቀ።

ታሪኩን ብዙዎች ያውቁታል። ስቡ መጀመሪያውኑ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱን የምናገኘው ከሃይማኖቱም ከፖለቲካውም ወረድ ብለን፣ በጥቀርሻ የቆሸሸውን በርሜል ስንመረምር ነው።

ጥቁር ባሩድ ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ነው። ሲነድ ሙሉ በሙሉ ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉ በነጭ ጭስነት ይበናል፣ ከፊሉ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ ጥቀርሻ ከምድጃ ጥላሸት የተለየ ነው። አብዛኛው የፖታሲየም ጨው ስለሆነ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ያዣል፣ ብረቱንም ያስዝገዋል። እርጥብ በሆነ አገር ማታ ሳይታጠብ ያደረ ጠብመንጃ ጠዋት ዝገት አውጥቶ ይገኛል።

ውስጡ ልሙጥ ለሆነው ለድሮው ጠብመንጃ ጥቀርሻው ያን ያህል ጭንቅ አልነበረም፤ እርሳሱ ከበርሜሉ ስለሚያንስ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ችግሩ የከፋው በርሜሉ ውስጥ ጥይቱን የሚያሾር ጠመዝማዛ ቦይ መቅረጽ ሲጀመር ነው። ጥይቱ እንዲሾር ቦዩን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ አጥብቆ ከያዘ ደግሞ በጥቀርሻው መሀል አልፎ ወደ ታች አይወርድም። በ1800 ገደማ የቤከር ጠብመንጃ ለታጠቁ የእንግሊዝ ተኳሾች ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚቀጠቅጡበት ትንሽ የእንጨት መዶሻ እስከ መታደል ተደርሶ ነበር።

መላ ያበጀው ፈረንሳዊው መኮንን ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ ነው። ከበርሜሉ ጥቂት የሚያንስ፣ ታቹ ጎድጓዳ የሆነ ጥይት ሠራ። ሲጎረስ በቀላሉ ይወርዳል፤ ሲተኮስ የጋዙ ግፊት ታቹን ነፍቶ ከቦዩ ጋር ያገጣጥመዋል። ኤንፊልድም የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። የበርሜሉ ውስጥ 14.66 ሚሊ ሜትር፣ የመጀመሪያው ጥይት 14.43 ሚሊ ሜትር ነበር። ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰች ክፍተት! ጥቂት ተተኩሶ ጥቀርሻው ሲጠነክር ይህች ክፍተት ትደፈናለች። ስቡ የተቀባው ጥቀርሻውን አለስልሶ የሚቀጥለው ጥይት እንዲወርድ ነው፤ ኋላ ላይ ጥይቱን ራሱን ማሳነስ ግድ ሆኗል። አሜሪካኖች በእርስ በርስ ጦርነታቸው ኤላይጃ ዊልያምስ በ1862 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትን ጥይት ይጠቀሙ ነበር፤ ታቹ ላይ ያለችው የዚንክ ዝርግ ስትተኮስ እየሰፋች በርሜሉን ፍቃ ትወጣለች።

ዋናው መድኃኒት ግን ውኃ ነበር፣ ዛሬም ውኃ ነው። ብረት የሚወድ ሰው ውኃ ይፈራል፤ ዘይት ብቻ የቀባ ግን ጨውን በዘይት ሸፍኖ አስተኛው እንጂ አላጸዳውም። ጨው የሚሟሟው በውኃ ነው። የሚያውቅበት ሰው በርሜሉን ከእንጨቱ ያላቅቅና የኋላ ጫፉን ሙቅ ውኃ የያዘ ባልዲ ውስጥ ያቆመዋል። የዘንጉን ጫፍ በጨርቅ ወይም በቃጫ ጠቅልሎ በአፈሙዙ ያስገባና ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ዘንጉ ሲወጣ ውኃው እሳት በሚገባባት ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል፣ ሲወርድ ተገፍቶ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚወጣው ቀለም የመሰለ ጥቁር ውኃ ነው፤ ከድኙ የተነሳ የገማ እንቁላል ይሸታል። ውኃው እየተቀየረ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይደገማል። በዚህ ጊዜ በርሜሉ በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ይግላል፤ ሙቀቱ ራሱ የቀረውን እርጥበት ያደርቀዋል። ደረቅ ጨርቅ ይከተላል፤ ዘይት የሚቀባው በመጨረሻ ነው።

እስከዚህ ያለው ማጠብ ነው። መወልወል ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ መሣሪያ የተበላሸውም ሁለቱን አንድ አድርገው በሚያዩ አለቆች ነው። በሩሲያው ዛር በቀዳማዊ ኒኮላስ ዘመን ሰልፍ ሁሉ ነገር ነበር። ጠብመንጃው በፀሐይ እንዲያንጸባርቅ በጡብ ዱቄት ይፈተጋል፤ ሲያነሱ ሲያወርዱት ድምፁ እንዲያምር ብሎኖቹ እንዲላሉ ይደረጋል። ጡብ የሚያበራው ብረቱን እየበላ ነው። በርሜሉ ይሳሳል፣ አፈሙዙ ይሰፋል፣ ጥይቱ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ይወጣል።

ደራሲው ኒኮላይ ሌስኮቭ በ1881 ባሳተመው «ግራኙ» በተሰኘው ልብ ወለድ ይህን ጉዳይ የታሪኩ ማሰሪያ አድርጎታል። ለብረት ቁንጫ ጫማ የቸነከረው የቱላ ከተማው ግራኝ አንጥረኛ እንግሊዝ አገር ሄዶ የሚያየው ዋና ቁም ነገር እዚያ ጠብመንጃ በጡብ እንደማይፈተግ ነው። በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ይህንኑ ለዛሩ ንገሩልኝ ቢልም መልእክቱ ከአንድ ሹም ደጃፍ አላለፈም። ሌስኮቭ የጻፈው የክሪሚያ ጦርነት ካለፈ በኋላ ነው፤ ቁጭቱም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በዚያ ጦርነት ሴፕቴምበር 20 ቀን 1854 በአልማ ወንዝ አብዛኛው የሩሲያ እግረኛ ልሙጥ በርሜል ይዞ የሚኒዬ ጥይት ከሚተኩስ ጠላት ጋር ገጠመ። ሩሲያን አልማ ላይ ያሸነፈው ጡብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የቦዩ ብልጫ ይበቃ ነበር። ያም ሆኖ ወታደር መሣሪያውን ለዓይን ብሎ ሲያጠፋው የሚጠየቀው ያዘዘው ነው።

የኤንፊልድ በርሜል ወደ እኛም አገር መጥቷል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1866 ጀምሮ አሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር ባመጣው ዘዴ የኤንፊልዱን ኋላ ቆርጠው ክዳን ገጠሙለትና ከኋላ እንዲጎርስ አደረጉት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በመቅደላ ግርጌ አሮጌ ላይ የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ወታደሮች የተኮሱት ይህንኑ ስናይደር ነው። በዝናብ መሀል ቁልቁል የወረዱት የኢትዮጵያውያኑ አዛዥ የፊታውራሪ ገብርዬ ሰዎች ብዙዎቹ የያዙት ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ ሁለት አፍ ጠብመንጃ ነበር። ይህ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ስናይደሩ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። ገብርዬ ወደቁ፤ ከኢትዮጵያውያኑ 700 ያህል ሞቱ፣ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ከእንግሊዞቹ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ሁለቱ በኋላ ሞተዋል። ጀግንነት ሳይጎድል ቀን የጎደለበት ውጊያ ነውና ቁጥሩን ስጽፍ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ዘመን የተረፈ ጠብመንጃ ከአያት የወረሰ ቤተሰብ ለበዓል ብሎ በአሸዋና በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፈትገው አደራ እላለሁ። መጀመሪያ የሚጠፋው የሠሪው ማኅተምና የተሠራበት ዓመት ነው፤ እነሱ ከጠፉ መሣሪያው ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር አይቀርም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጎርሶ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ብዙ ዘመን አይሞትም፤ ሳይተኮስ ጎርሶ የሚቀር ጠብመንጃም ጥቂት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1863 በአሜሪካ ከጌቲስበርግ ጦርነት በኋላ ከተሰበሰቡት ከ27,000 በላይ ጠብመንጃዎች 24,000 ገደማ የሚሆኑት እንደጎረሱ ነበር የተገኙት፣ አንዱም 23 ጊዜ በላይ በላዩ ጎርሶ ነበር። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ እስከሚቆም ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከአፈሙዙ ጋር እኩል የሆነበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ዘንጉ ወጥቶ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር እንደተስተካከለ በርሜሉ ላይ በውጭ በኩል ይጋደማል። ጫፉ እሳት እስከሚገባባት ቀዳዳ ካልደረሰ ውስጡ የተቀመጠ ነገር አለ፤ ያኔ ከማንም ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ አስቀምጦ ባለሙያ መጥራት ነው።