ፎቶግራፍ ስለ አደባባይ ሐውልቶች ታሪክ ምን ያህል ይመሰክራል?

የአዲስ አበባ ሐውልቶች ከቦታቸው የማይነቃነቁ ይመስላሉ እንጂ ታሪካቸውን ለመረመረ ሰው ብዙዎቹ መንገደኞች ናቸው። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በወረራው ዘመን ጠላት ከመቆሚያው አውርዶ ቀበረው፤ ነፃነት ሲመለስ ዳግመኛ ቆመ። በባቡር ጣቢያው ፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ወደ ሮማ ተወስዶ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ቁጣውን የገለጠውም በዚያው አንበሳ ፊት ነው። የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ደግሞ ለከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። አንድ ሐውልት ከተመለሰ በኋላ፣ ቀድሞ በቆመበት ስፍራና ወደ ቀድሞው አቅጣጫ ዞሮ መቆሙን በምን እናረጋግጣለን? የሰው ትዝታ በዚህ ነገር ብዙ አይታመንም። ፎቶግራፍ ይረዳል፤ ነገር ግን የትኛውም ፎቶግራፍ አይደለም። ከተመለከትናቸው ሥዕሎች ውስጥ የሚበልጡት የሐውልቱን ፊትና ትከሻ ብቻ አቅርበው ያነሡ ናቸው፤ ያማሩ ናቸው፤ መቆሚያውም መንገዱም ስለሌለባቸው ግን ለጥያቄያችን አንዳች መልስ አይሰጡም።

እኛም ራሳችን በመጀመሪያው ቀን ከዚህ የተሻለ አልሠራንም። ወደ ምኒልክ አደባባይ የሄድነው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነበር። ያመጣናቸው ሥዕሎች ሰማዩን አሳምረው ፈረሱንና ንጉሠ ነገሥቱን ጥቁር ጥላ ያደረጉ ሆኑ፤ ከዘውዱ በታች ፊት መኖሩም አይታወቅም ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ዘውድና ቅንድብ በዓይን ላይ ጥላ መጣላቸው ነው። ሁለተኛው የካሜራው አለካክ ነው። ካሜራ በፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ ደምሮ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ብሩህ ሰማይ አብዛኛውን ቦታ ሲይዝበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጠቆር ያለው ነሐስም ጨርሶ ይጨልማል። በአንጻሩ ወደ ነሐሱ ብቻ ተጠግተን ብንለካ ጥቁሩን ግራጫ አድርጎ ያነጣዋል። ከሁለቱ ስሕተት የሚያድነው፣ ሐውልቱ ባለበት ብርሃን መዳፍን ዘርግቶ በእርሱ ላይ መለካትና ከዚያ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ፣ ማለት በእጥፍ፣ መጨመር ሆኖ አገኘነው።

ስለ ሰዓቱ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለውን መርጠናል። በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የተቀረጹትን የጭፍጨፋ ምስሎች ለሚያነሣ ሰው ይህ ግዴታ ነው ለማለት ይቻላል። ብርሃኑ ከጎን ተንሸራቶ ሲመጣባቸው ሰዎቹ ከግድግዳው ይወጣሉ፤ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ተመልሰው ይለጠፋሉ።

ስለ አቀማመጡ ከመቆሚያው ሥር ተጠግቶ ወደ ላይ ማንሣት እግሩን አግዝፎ ራሱን ያሳንሳል። ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሣት ይሻላል፤ መጠኑ አይዛባም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በስተጀርባ ያለውን ሕንፃ በሥዕሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎች ሕንፃና የመብራት እንጨት ሥዕል ያበላሻል ይሉናል፤ ለታሪክ ተማሪ ግን የሚጣል ነገር አይደለም። ለምሳሌ በምኒልክ አደባባይ አጠገብ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እርሱ በሚታይበት አቅጣጫ ተነሥቶ ሕንፃው የሌለበት ሥዕል ከዚያ በፊት የተነሣ መሆኑ ጥርጥር የለውም።

መሬቱም እንዲሁ አይቆረጥ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች፣ የእኩለ ቀን ጥላ በአብዛኛው ዓመት ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን ወደ ደቡብ ይዞራል። ስለዚህ አቅጣጫው በታወቀ አደባባይ ላይ ጥላው የታየበት ሥዕል የተነሣበትን ወራት በግምት ይነግረናል፤ ወራቱ የታወቀ እንደ ሆነም አቅጣጫውን ይነግረናል። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት በሚመለከት ከ2005 በፊትና ከ2008 በኋላ የተነሡትን ለማስተያየት የምንፈልጋቸው ሥዕሎች እንዲህ ያሉት ናቸው፤ በየቤቱ አልበም ውስጥ፣ ከሠርገኞችና ከተመራቂዎች ጀርባ፣ ሳይታሰብ የገቡ ይኖራሉ ብለን እንገምታለን።

እስከዚያው እያንዳንዱን ሐውልት ከአራት ማዕዘን፣ ከነመቆሚያውና ከነመንገዱ አንሥተን በጀርባው ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈናል። ወደ ሰሜን የዞረው ገጽ ብቻ ጨልሞብናልና ሚያዝያ እስኪገባ እንጠብቃለን።